የቲቸር አረጋሽ እጅ

መካኒሳ ውስጥ ስሙን መጻፍ የሚችል ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ እጁን ለአረጋሽ ሰጥቶ ያውቃል ማለት ይቻላል። እሱ ባይሰጥ ልጁ ሰጥቷል። አረጋሽ በሰፈሩ የመንግሥት ትምህርት ቤት ከወጣትነቷ ጀምሮ አንደኛ ክፍልን ብቻ ያስተማረች ሴት ናት። ሌሎቹ አስተማሪዎች ትንሽ ቆየት ሲሉ ሦስተኛ፣ አምስተኛ እያሉ ወደ ላይ ይሸሻሉ፤ ንፍጥ መጥረግና የጫማ ክር ማሰር ማን ይወዳል? እሷ ግን ወደ ላይ መሄድን አስባውም አታውቅ። የላይኞቹን ልጆች ሌላ ሰው አበላሽቷቸው ነው የሚደርሱኝ፣ እነዚህን ግን ካበላሸሁም እኔው ነኝ ትላለች።

አሠራሯ እንዲህ ነበር። ልጁ ደብተሩን ይዞ ወደ ጠረጴዛዋ ይመጣል፣ ጀርባውን ሰጥቷት ይቆማል፣ እርሳሱን ይዞ ይጠብቃል። እሷ ከኋላው ጎንበስ ትልና ትንሿን እጅ በራሷ እጅ ሸፍና ትጀምራለች፤ "ወረድን፣ ዞርን፣ እዚህ ጋ አረፍ አልን።" ሁለቱ እጆች አብረው ይወርዳሉ፣ አብረው ይዞራሉ። ሰማንያ ዘጠና ልጅ በታጨቀበት የጭቃ ክፍል ውስጥ ይህ ዕብደት ነው። ከላይ የመጣ ተቆጣጣሪ ሁሉ ሰሌዳ ላይ ጽፈሽ ለምን አያዩም ይላታል። እሷም በዓይን የገባ ፊደል በዓይን ይወጣል፣ በእጅ የገባ ግን አይወጣም ብላ ትመልስለታለች፤ ተቆጣጣሪው ፈገግ ብሎ ሻዩን ጠጥቶ ይሄዳል። ተራው የደረሰው ልጅ ለዚያች አፍታ ቲቸርን ብቻውን ያገኛታል። የጠመኔና የቫዝሊን ሽታዋን ይምጋል፣ ትንፋሿን ጆሮው ሥር ይሰማል። ብዙዎቹ ፊደሉን ሳይሆን ያቺን አፍታ ነበር የሚወዷት።

ሌላው መሣሪያዋ ግማሽ ምላጭ ነው። ምላጩን ለሁለት ሰብራ አንዱን ግማሽ በክብሪት ቀፎ ውስጥ አድርጋ በነጭ ጋዋኗ ኪስ ትይዛለች። ጠዋት ባንዲራ ከመሰቀሉ በፊት ልጆቹ እርሳሳቸውን ቀስረው ይሰለፋሉ፣ እሷ የክፍሉ ደጃፍ ላይ ቆማ ትቀርጽላቸዋለች። እርሳስ መቅረጽ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ቂጡ የታኘከ እርሳስ ይዞ የመጣ ልጅ ቁርስ አልበላም ማለት ነው፤ እሱን ምንም ሳትጠይቀው ከቦርሳዋ ዳቦ ቆርሳ ታስጨብጠዋለች። ሰፈሩም ይህን ያውቃል፤ እናቶች መንገድ ላይ ሲያገኟት ዕቃቸውን መሬት አስቀምጠው ነበር የሚስሟት።

ባሏ ወጋየሁም አስተማሪ ነበር፣ የሒሳብ። በተጋቡ ማግስት መንግሥት ኢሉባቦር መደበውና እሷን እዚህ ትቶ ሄደ። ባልና ሚስት በክረምት ብቻ የሚተያዩበት ትዳር ስንት አስተማሪ ቤት እንዳለ የደረሰበት ያውቀዋል። በየዓመቱ ዝውውር ይጠይቃል፣ በየዓመቱ ቦታ የለም ይሉታል። አረጋሽ መካኒሳ ሚካኤል ሄዳ ባሌን ካመጣህልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ ብላ ተሳለች። ሰማንያ አምስት ላይ ዝውውሩ ተሳካ፤ ጃንጥላውንም በእልልታ አስገባች። የለመነችው ባሏን ነው፣ ባሏም መጣ። አብሮት ምን እንደመጣ ግን እሱም አያውቅ፣ እሷም አታውቅ።

ብዙም ሳይቆይ ወጋየሁ መክሳት ጀመረ። መጀመሪያ ወባ ነው ተባለ፣ ቀጥሎ ሳንባ ነው ተባለ፣ በኋላ ጎኑ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጣበትና ሰው ምንም ማለት ተወ። ያኔ ያ ቁስል የታየበት ሰው ቤት ጎረቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚገባው። ሐኪሙም ጠበሉም ተሞከረ፤ ሰማንያ ስምንት፣ የካቲት ላይ ሞተ። ልጅ አልነበራቸውም። ዳይሬክተሩ አቶ ዲንሳ ባንዲራው ሥር ቆመው፣ መምህር ወጋየሁ ባደረበት ሕመም በሕክምና ሲረዳ ቆይቶ ከዚህ ዓለም በሞት ተለየ ብለው ለተማሪው ተናገሩ። በዚያ ዘመን ሰው ሁሉ የሚሞተው "ባደረበት ሕመም" ነው። ሬዲዮውም እንዲያ ይላል፣ እድሩም እንዲያ ይላል። በሽታውን በስሙ የሚጠራው የለም፤ ስሙን ካልጠሩት ቤታቸውን ስቶ የሚያልፍ ይመስላቸዋል።

ከወጋየሁ በፊት የስፖርት አስተማሪው ሄዷል፤ ከእሱ በኋላ የአማርኛዋ፣ ከዚያ ጸሐፊዋ። መጀመሪያ መጀመሪያ አስተማሪ ሲሞት ተማሪው በሙሉ ዩኒፎርሙን ለብሶ አስከሬን ይሸኝ ነበር። አቶ ዲንሳ ቢያዩት ቢያዩት ትምህርቱ በለቅሶ ሊያልቅ ሆነ፤ እንግዲህ ትልልቆቹ ብቻ ይሂዱ አሉ፣ ከዚያም የክፍል አለቆች ብቻ። የሟቹ ክፍል በጎረቤት ክፍል ላይ ይደረባል፣ አንድ ዴስክ ላይ የነበሩት አራት ልጆች ስድስት ይሆናሉ። በሌላ በኩል ደግሞ ይጎድላል። ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ጥቁር ጨርቅ ለብሶ የመጣ ልጅ ጥቂት ሰንብቶ ይጠፋል፤ የት ሄደ ሲባል አጎቱ ጋ፣ ገጠር፣ ሰው ቤት። ከመምህርም ከተማሪም እንዲህ እየተነቀለ፣ ደወሉ ብቻ በሰዓቱ ይደወል ነበር።

ሰማንያ ዘጠኝ ላይ ትምህርት ሲከፈት አረጋሽ ከል ልብሷን በነጭ ጋዋን ሸፍና አዲስ ልጆቿን ተቀበለች። ጎህ ሲቀድ የሚያጣድፋት ሳል ጀምሯታል፣ ቀሚሱም ወገቧ ላይ እየሰፋ ነው። አልተመረመረችም። እንደዚያ አድርጋ ባሏን ለቀበረች ሴት ሐኪም ምን አዲስ ነገር ሊነግራት? ከእግዚአብሔር የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እነዚህን ልጆች ሰኔ ላይ አንብበው ሲያልፉ ማየት። ከሰኔ ወዲያ ያለውን አልለመነችም፣ መጠየቁንም አፈረችበት።

ከልጆቹ መሀል ዝማሬ የምትባል ነበረች። ቤተሰቦቿ ከወላይታ የመጡ ጴንጤዎች ናቸው፤ አባቷ ቀደም ብሎ ሞቷል፣ እናቷ ልብስ አጥባ ታሳድጋታለች። ዝማሬ እንደ ስሟ ድምፅ ነበራት፣ እጇ ግን እንቢ አለ። የስሟን መጀመሪያ፣ "ዝ"ን፣ በመስታወት እንደታየ ገልብጣ ነበር የምትጽፈው። አረጋሽ እጇን ይዛ ስታስጽፋት ቀጥ ይላል፤ ስትለቃት ይገለበጣል። "እንግዲህ እኔና አንቺ ብዙ ሥራ አለብን" ትላታለች። ልጅቱም ተራዋ ሲያልቅ እጇን አትለቅላትም ነበር።

ጥቅምት ላይ ዝማሬ ቀረች። አረጋሽ ስታጠያይቅ እናትየው አልጋ ይዛለች፣ የምታስታምማትም ልጅቱ ናት አሏት። የሰባት ዓመት ልጅ! አረጋሽ አንድ ከሰዓት ፍለጋ ወጣች፤ ቤቱ ግን ተዘግቷል፣ ፉሪ ያለ ዘመድ ወስዷቸዋል ተባለ። ያኔ ፉሪ ለመካኒሳ ሰው ሌላ አገር ነው። አዝና ተመለሰች።

ኅዳር ላይ ከጤና ጣቢያ አንዲት ነርስ መጥታ ለመምህራኑ ስለ በሽታው ትምህርት ሰጠች። በስሙ ጠራችው። አስተማሪዎቹ ሁሉ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። በመጨባበጥ አይተላለፍም አለች፣ አብሮ በመብላት አይተላለፍም፣ አንድ ወንበር ላይ በመቀመጥ አይተላለፍም፤ ግንኙነቱን ጠንቀቅ በሉ፣ መርፌና ምላጭ ደግሞ አትዋዋሱ። ጥያቄ ያለው ስትል የተነሳችው አረጋሽ ብቻ ነች። የእርሳስ ምላጭስ ብላ ጠየቀች። ነርሷ ትንሽ አሰበችና፣ እርሳስ ብዙም አያሰጋም፣ ግን ጣት ሊቆርጥ ስለሚችል ሁሉም የየራሱን ቢይዝ ይሻላል አለች። ሌላው መምህር ይህን ሰምቶ በሩን ሲወጣ ረሳው። አረጋሽ ግን የነገሯትን የምትፈጽም ሰው ነች፤ ጥፋቷም ይኸው ሆነ።

በማግስቱ ክፍል ገብታ ግማሽ ምላጯን ከክብሪት ቀፎው አውጥታ ከፍ አደረገችው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ምላጭ አልቀርጽላችሁም፣ ሁላችሁም ቤታችሁ አስቀርጻችሁ ኑ አለቻቸው። ምክንያቱን ለሰባት ዓመት ጆሮ በሚሆን ቋንቋ አስረዳች፣ ምላጩንም ዓይናቸው እያየ ሽንት ቤት ጣለችው። ልጅ የሚይዘው በዜማ የተሰጠውን ነውና መቀባበያ አበጀችላቸው። እሷ "የሰው ምላጭ?" ትላለች፤ እነሱ "አልዋስም!" "የሰው መርፌ?" "አልነካም!" ዕለቱን ቤታቸው ሲገቡ መካኒሳ በዚህ ዜማ ተናጋ። አረጋሽም ደስ አላት፤ ሬዲዮ ለብዙ ዓመት ያልቻለውን አንደኛ ክፍል በአንድ ከሰዓት አደረገው ብላ በልቧ ኮራች።

እትዬ ትሩፋት የሴቶች እድር ሰብሳቢ ናት፤ ልጇ ሚኪ ከአረጋሽ ዘንድ ይማራል። ማታ ሚኪ ዜማውን ሲለቅባት ምግቧን አስቀምጣ አዳመጠች። ቲቸር ምላጯን ሽንት ቤት መጣሏንም ነገራት። ክፉ ሴት እንዳትመስላችሁ። ወጋየሁ ሲሞት ሠልስት እስኪወጣ ከድንኳኑ ሳትርቅ ድስት ያጠበች እሷ ነች። ግን አሰበች፤ ይህቺ ሴት ስንት ዘመን የቀረጸችበትን ምላጭ ዛሬ ለምን ጣለችው? ራሷን ካላወቀች ለምን ትጥለዋለች? በነጋታው ወፍጮ ቤት አንዲት ጎረቤቷን አማከረች። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል፤ መካኒሳ ግን የጨመረችበት ሌላ ወሬ ነው። ወሬው ከውይይት ታክሲ ቀድሞ ሰፈሩን ዞረው። ቲቸር አረጋሽ በራሷ አፍ አመነች ተባለ፣ ጣቷን ቆርጣ በዚያው የልጅ እርሳስ ስትቀርጽ ታይታለች ተባለ። ነርሷ በመጨባበጥ አይያዝም ማለቷን የሰማ አልነበረም፤ ነርሷ ያነጋገረችው መምህራኑን ነዋ። እናቶቹ ለልጆቻቸው የነገሩት አጭር ነበር። ቲቸር እጅህን እንዳትይዝህ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ከሁሉ ኋላ የደረሰችበት አረጋሽ ነች። መጀመሪያ ሚኪ ተራው ሲደርስ "ቲቸር፣ ራሴ እችላለሁ" አላት። ጎበዝ ብላ ጸጉሩን ልትዳብስ ስትል ጎንበስ ብሎ አመለጣት። ቀጥሎ ያለችውም ራሴ እችላለሁ አለች፣ ከእሷ ቀጥሎ ያለውም። አንድም የሚችል አልነበረም። ከዚያ በዴስኮቹ መሀል ስትሄድ ልብ አለች፤ በምታልፍበት መሥመር ያሉ ልጆች እጆቻቸው አንድ በአንድ ዴስክ ሥር ይገባሉ፣ ካለፈች በኋላ ይወጣሉ። ጨዋታ መሰላት። ልጆች የማያመጡት የለምና እሷም ፈገግ አለችላቸው።

አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት ሻይዋን ይዛ በረንዳው ላይ ቆማ ነበር። ልጆቿ ሜዳው ላይ ክብ ሠርተው ያንን ዜማዋን ይቀባበላሉ። አውራጁ ሚኪ ነው። "የሰው ምላጭ?" "አልዋስም!" "የሰው መርፌ?" "አልነካም!" እሷም በከንፈሯ አብራ ትል ነበር። ሚኪ ቀጠለ፤ "የቲቸር እጅ?"

"አልይዝም!"

ክፋት አልነበረባቸውም፤ እየሳቁ፣ እየዘለሉ ነው የሚሉት። ሦስተኛውን ስንኝ ራሳቸው ጨምረውበታል፣ ቤቱንም አሳምረው መትተውታል። አረጋሽ ሻዩን መሬት አፍስሳ ወደ ባዶው ክፍል ገባችና ጠረጴዛዋ ላይ ሁለት እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። ያው እጆቿ ናቸው። ጠመኔ ያደረቀው፣ ጣቱ በእርሳስ የጠቆረ የአስተማሪ እጅ። ደወል እስኪደወል እዚያው አለቀሰች፤ ሲደወል ዓይኗን ጠርጋ የመደመር ትምህርት አስተማረች።

እትዬ ትሩፋትን ከቤተ ክርስቲያን መልስ መንገድ ላይ አገኘቻት። ሴትየዋ ከሩቅ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ እንደምን ከረምሽ እህቴ፣ እግዜር ይማርሽ ብላ አለፈች። ታምሜያለሁ ያለቻት ሰው አልነበረም። አረጋሽ ነጠላዋን አጣፍታ መንገዷን ቀጠለች። እውነቱን ብትናገር፣ በሽታው ይኑርብኝ አይኑርብኝ እጄ ግን ማንንም አይጎዳም ብትል፣ መንገድ ላይ ስሙን የጠራች የመጀመሪያዋ ሴት ልትሆን ነው። ይሉኝታ የያዘው ሰፈር ውስጥ ያንን የሚደፍር ማን ነው?

ጥምቀት አልፎ የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሲያልቅ አቶ ዲንሳ ቢሯቸው ጠሯት። ወንበር ሳቡላት፣ የቤቱን ጠየቋት፣ የሳሉን ጠየቋት፣ ዝናብ ስለሌለው በልግ አወሩ። ሽማግሌው ደግ ሰው ናቸው፤ ደግ ሰው ደግሞ ክፉ ነገር ሲናገር ብዙ ይዞራል። በመጨረሻ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ አጥቶ ተዘግቷል፣ ጠመኔና መጥረጊያ የሚያድል ሰው ጠፋ አሉ። እዚያ ፀሐይ ይገባል፣ ጩኸትም የለም፣ ትንሽ ብታርፊ አሏት።

"ጋሼ፣ እስከ ሰኔ ብቻ ይተዉኝ" አለች አረጋሽ። "ሀ ብዬ ያስጀመርኳቸውን ልጆች ልጨርሳቸው። ከዚያ ወዲያ መጥረጊያውንም አድላለሁ፣ መጥረግም ካስፈለገ እጠርጋለሁ።"

አቶ ዲንሳ መነጽራቸውን አውልቀው በከረባታቸው ጠረጉ። "ልጄ፣ አንቺን አጥቼ ማንን ላገኝ ነው? ግን ወላጆቹ መጥተው ነበር። እሷ ካልወጣች ልጆቻችንን እናወጣለን ብለዋል። ክፍሉ ባዶ ከሚሆን አንቺ ብትወጪ ይሻላል። እኔ ምንም አላልኩም፤ እነሱም ምንም አላሉም። ለዕረፍት ነው የምንለው።"

ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ምን እንደሆነ እያወቁ፣ አንዱም ሳይጠራው ተለያዩ።

ግምጃ ቤቱ ከአንደኛ ክፍል ጋር በአንድ የጭቃ ግድግዳ የተያያዘ ነው። ጠመኔው፣ መጥረጊያው፣ የተሰበረው ዴስክ አንድ ላይ ተከምሯል፤ ጥግ ላይ ደግሞ የሟች መምህራን ጋዋኖች በሚስማር ተሰቅለዋል። የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ቤተሰብ አጥቦ ይመልሰዋል። የወጋየሁም አለ፤ አንገትጌው ላይ ስሙን በቀይ ክር የጠለፈችለት ራሷ ናት። በሳምንቱ ሚሳኤል የሚባል ከማሠልጠኛ የወጣ ልጅ እግር አስተማሪ በምትኳ ተመደበና ጋዋን ሊወስድ መጣ። ቁመቱ ረጅም ነው፣ ከባሏ ጋዋን በስተቀር የሚሆነው ጠፋ። አረጋሽ የአንገትጌውን ክር በጥርሷ በጠሰች፣ ስሙን ፈታች፣ ሰጠችው። እስከ ፋሲካ ድረስ የባሏ ጋዋን በመስኮቷ በኩል ሲያልፍ እያየች ሠራች።

ሚሳኤል መጥፎ ልጅ አልነበረም፤ ግን በሰሌዳ ነበር የሚያስተምረው፣ ልጆቹም በዓይናቸው ያስገቡትን በዓይናቸው ያስወጡት ነበር። ፋሲካን አገሩ ሊውል ሄደና አልተመለሰም። ታመመ ተባለ፣ ሌላ ሥራ አገኘ ተባለ፤ እውነቱን ያወቀ የለም። አቶ ዲንሳ የሚተካ ሰው ቢፈልጉ የለም፤ ሁለተኛ ክፍል ላይ እንዳይደርቡ እዚያም የሰው ክምር ነው። ልጆቹ ግን ጠዋት ጠዋት ይመጣሉ። ቤት ማን አለና? አንደኛ ክፍል ያለ አስተማሪ ተቀምጦ ይውላል፣ ይደባደባል፣ ያለቅሳል፣ ደወል ሲደወል ይሄዳል። አረጋሽ ይህን ሁሉ በግድግዳው ትሰማለች። ማን መቺ፣ ማን ተመቺ እንደሆነ ከልቅሶው ለይታ ታውቃለች። ሰኔ እየቀረበ ነው።

አንድ ጠዋት መቻል አቃታት። ጋዋኗን ለብሳ፣ ከካርቶኑ ጠመኔ አንስታ ገባች። የጠራት የለም፣ የከለከላትም የለም። ስትገባ እጆች ሁሉ አንድ ላይ ዴስክ ሥር ገቡ። አረጋሽ በመደዳዎቹ መሀል አልሄደችም። ሰሌዳው ሥር ቆመችና፣ ዛሬ ደብተር አንፈልግም፣ ጣታችሁን አውጡና አየር ላይ እንጽፋለን አለቻቸው። "ወረድን" አለች ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ። መጀመሪያ ማንም ጣቱን አላወጣም። "አየር የማንም አይደለም" አለች። አንዲት ትንሽ ጣት ወጣች፣ ሁለት ሆነች፣ ከዚያ ክፍሉ ሁሉ ጣት ሆነ። "ዞርን፣ እዚህ ጋ አረፍ አልን።" ከዚያ ቀን በኋላ በየጠዋቱ ገባች። እትዬ ትሩፋት መጥታ በአጥሩ ቀዳዳ አየች፣ ከንፈሯን መጥጣ ተመለሰች። ሌላ አስተማሪ እንደሌለ እሷም ታውቃለች። አቶ ዲንሳ በመስኮት ሲያልፉ ፊታቸውን ወደ ሌላ ያዞሩ ነበር፤ እንዳላዩ መሆናቸው ነው። አረጋሽ ከመከራዋ ሁሉ በላይ በዚያ ተደሰተች። ሳሉ ብሶባታል፣ መቀመጥ ታበዛለች፤ ሆኖም ሚኪ አንድ ገጽ ሳይደናቀፍ አነበበ፣ ሌሎቹም እየተከተሉት ነው።

ግንቦት አጋማሽ ላይ ዝማሬ ተመለሰች። ጸጉሯ ተላጭቷል፤ የለበሰችው ጥቁር ሹራብ የሌላ ሰው ነው፣ እጅጌው ይረዝማታል። እናቷ ሞታለች። ፉሪ ያለው ዘመድ ቀን ቀን ሥራ ነው፤ ልጅቱ ጠዋት ብቻዋን ተነስታ ያንን ሁሉ መንገድ በእግሯ መጣች። የሚያበጥራት የለም፣ ቁርስ በልተሻል ወይ የሚላት የለም፣ ትምህርት ቤት ስትገቢ እንዲህ አድርጊ፣ እንዲያ አታድርጊ የሚላትም የለም። ስለ ምላጩ አልሰማችም፣ ስለ ዜማው አልሰማችም። ዴስክ ላይ ስትቀመጥ አጠገቧ ያሉት ትንሽ ራቅ አሉ፤ የእናቷ ወሬ ቀድሟት ደርሷል። አረጋሽ ያቺን ትንሽ ፈቀቅ ማለት አየች።

አየር ላይ መጻፉ ለሌላው ሠራ፣ ለዝማሬ ግን አልሠራም። ጣቷ ዞሮ ዞሮ ይገለበጣል። ሌሎቹ ደብተር ላይ መጻፍ ሲጀምሩ እሷ እርሳሷን አየችው። ቂጡ ታኝኮ አልቋል። ከዚያ ተነሳች፣ ደብተሯን ይዛ ወደ ቲቸር ጠረጴዛ መጣች፣ ደብተሩን ዘረጋች፣ እንደ ድሮዋ ጀርባዋን ሰጥታ ቆመች። እርሳሱን ደብተሩ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

እዚያ ቦታ ላይ ልጅ ከቆመ መንፈቅ አልፎታል። አረጋሽ ያቺን የተላጨች ጭንቅላት፣ ያቺን ቀጭን አንገት ከላይ አየቻት። ጎንበስ ማለት ብቻ ነበር የቀራት። እጇ እንደማይጎዳት ታውቃለች፤ ነርሷ ስትናገር በጆሮዋ ሰምታለች። ግን ዓይኗን ቀና ስታደርግ ሌሎቹን አየቻቸው። ሁሉም ያያሉ። ዛሬ ከሰዓት ይህ ነገር ሰፈሩን ይዞረዋል። እናቷ በዚያ የሞተች ልጅ፣ የቲቸርን እጅ የያዘች ልጅ። ነገ ዴስኩ ላይ ብቻዋን ትቀመጣለች፤ ከነገ ወዲያ እሷም ከዚህ ክፍል ትወጣለች። አረጋሽ ሁለት እጆቿን ጋዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተች።

ዝማሬ ጠብቃ ጠብቃ ዞር አለች።

ሚኪ ከመቀመጫው ሆኖ በሹክሹክታ፣ የማያውቅን ሰው እንደሚመክር ጨዋ ልጅ፣ "ዝማሬ፣ የቲቸር እጅ እኮ አይያዝም" አላት።

ልጅቱ ሚኪን አላመነችውም። አንገቷን ቀና አድርጋ ቲቸርን አየች፤ እውነት ነው ወይ የሚል ዓይን ነው። አረጋሽ በዚያ ክፍል ውስጥ ያን ሁሉ ዘመን ስትኖር ለተማሪ ዋሽታ አታውቅም።

"እውነቱን ነው" አለቻት። "ሂጂ፣ ከጓደኞችሽ ጋር ተቀመጪ።"

ዝማሬ ደብተሯን አንስታ ወደ ዴስኳ ሄደች። አጠገቧ ያሉት ልጆች ቦታ ለቀቁላት፣ ወደ እሷም ጠጋ አሉ። ተቀመጠችና እነሱን አየት አድርጋ፣ የሹራቧን ረጅም እጅጌ ጎትታ እጇን ዴስኩ ሥር አስገባችው። አረጋሽ ፊቷን ወደ ሰሌዳው አዞረችና "ዝ"ን ትልቅ አድርጋ ጻፈች።